በራሷ የምትታደስ ጓጉንቸር

ውድ አፒሳይ፣

...እና እናትህ ከወንበርህ ጀርባ ቆመው፣ ገና ከዝናቡ እንደገቡ፣ የእኔ ክፍል የትኛው ነው ሲሉህ ነበር። የሚሠሯቸውን ምንጣፎች የሚሸጡበት ድረ ገጽ በቢሯችን ሰርቨር ላይ ስትከፍትላቸው ነው። ሰርቨር ማለት ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ነው፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ አንዱ የሌላውን ክፍል አያይም አልካቸው።

"ጎረቤቱን የማያይ ምን መንደር ነው?" አሉህ። ሳቅን።

ከዚያ በየጥቂት ወሩ መታደስ ያለበትን የገጹን የደህንነት ሰርተፍኬት ጭነህ፣ ከአድራሻው አጠገብ የምትታየውን ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ ምስል አሳየሃቸው። ሲጫኗት ሰርተፍኬቱ የሚያበቃበት ቀን ይወጣል። ቀኑ ወደፊት በገፋ ቁጥር ያደስኩት እኔ ነኝ አልካቸው። ማሽኑ በራሱ እንዲያድስ ማዘዝህን አልነገርካቸውም። ለቀልድ ይሁን ለፍቅር፣ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ካንዳቩ ደሴት በጀልባ ሄድክ። ጀልባዋ አልደረሰችም። ፈላጊዎቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ዘመዶችህ ለለቅሶው ተወቅጦ የሚጠጣውን የካቫ ሥር አዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ እናትህ ግን ለቅሶ ለመቀመጥ እሺ አላሉም። ከሱቫ ገበያ ሲመለሱ ቢሮ ይገባሉ፣ በወንበርህ ይቀመጣሉ፣ ጓጉንቸሯን ይጫናሉ። ቀኑ ገፍቷል። "አድሷል" ይሉኛል። በቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ተናግረዋል። የሚያድሰው ማሽኑ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ለአንተም ማለት የነበረብኝን አላልኩም።

አሁን ፕራቪን አዲስ ሰርቨር ገዛ፤ አሮጌው ሊዘጋ ነው። አለቃችንን ታውቀዋለህ። ባለቤቱ መልስ ያልሰጠበት አካውንት አይዛወርም ብሏል። የእናትህ ገጽ በአንተ ስም ነው። ቤተሰብ ሊረከበው ይችላል፣ መሞትህን የሚያረጋግጥ ወረቀት ካቀረበ። ይህን የምነግራቸው እኔ ሆንኩ።

"የሞተ ሰው ጓጉንቸር ያድሳል?" አሉኝ።

የሚያድሰው ማሽኑ ነው አልኳቸው። 

"ማሽኑን ማን አዘዘው?"

"አፒሳይ።"

"እንግዲያስ ምን ታደርቂኛለሽ፣ ልጄ?"

ፕራቪን ከጠረጴዛው ማዶ፣ "እማማ፣ አንዲት ወረቀት እኮ ናት። ምንጣፎችዎ ይተርፋሉ" አላቸው።

"ምንጣፍማ ሌላ እሠራለሁ። አንተ የምትለምነኝ ልጄን በእጄ እንድቀብርልህ ነው።"

ገጹን በስውር ወደ አዲሱ ሰርቨር ላዛውረው አስቤ ነበር። ትእዛዙን ጻፍኩ፣ ጣቴን መጫኛው ላይ አሳረፍኩ። ከዚያስ? ቀኑ ይገፋል፣ ደግሞ ይገፋል፣ እሳቸውም በወንበርህ ላይ ያልቃሉ። የጻፍኩትን ፊደል በፊደል ሰረዝኩ። ምሕረት ይሁን ጭካኔ እስካሁን አልለየሁም።

አሮጌው ሰርቨር ዛሬ ተዘጋ። የኢሜይል ሳጥንህም አብሮ ስለሄደ ይህን የምጽፍልህ በወረቀት ነው፤ የት እንደምልከው ግን አላውቅም። ደህና ሁን ልልህ ፈለግሁ። ደህና ሁን የሚባለው ግን ላለ ሰው ነው።

እናትህ ከሰዓት በኋላ መጡ። ተቀመጡ። ገጹ አልወጣም፣ ጓጉንቸሯም የለችም። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ሞከሩ።

"ሊቲያና፣ ዛሬ ምን ሆኖ ነው?"

እማማ፣ ማሽኑ ተዘጋ አልኳቸው። ፕራቪን ወደ መስኮቱ ዞረ። እናትህ ፊቴን አዩት። ከዚያ ተነሡ፣ ወንበርህን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ፣ ሁለታችንንም ደህና ዋሉ አሉን። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ሊቲያና