እማዬ ያፈላችው ውሃ

ሰኞ

አንድም አረፋ የለም። ከቦርከና ወንዝ ዳር የነቀልኩትን የውሃ ሣር ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ ሙሉ ክፍለ ጊዜ መስኮት ላይ አቆምኩት፤ ዝም። ብርሃን ሲያገኝ ምግቡን እየሠራ አረፋ መትፋት ነበረበት። ሐሙስ ይህንኑ ለስምንተኛ ክፍል ሳስተምር ከደሴ የሚመጡት ገምጋሚዎች ኋላ ይቀመጣሉ። "ደካማ" ከተባልኩ ሩቅ ገጠር፣ ቢስቲማ እመደባለሁ። እማዬን ማን ያያታል? ሁለት እርምጃ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።

ማክሰኞ

ብርሃን አንሶት ይሆናል ብዬ ግቢው መሃል አወጣሁት። ምንም። የኮምቦልቻ ፀሐይ እኔን አቃጠለኝ እንጂ ሣሩን አላነቃውም። ሣሩን ቀየርኩ። ምንም።

ቀበሌው በድምፅ ማጉያ "ውሃ አፍሉ" ካለ ወዲህ እማዬ ያልፈላ ውሃ አታስነካኝም። ዛሬም ጠዋት ጀሪካኔን ሞልታ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ጌታ ይርዳሽ፣ ልጄ። ለሣርሽም ንጹሕ ውሃ ይሻለዋል" አለችኝ፣ እያለከለከች።

ረቡዕ

የኬሚስትሪው መምህር ጋሽ ሰይድ ጠምቷቸው ከጀሪካኔ ቀዱ። ፊታቸውን አጨማደዱ። "ወላሂ፣ ይሄ የፈላ ነው! ጣዕም የለውም።"

ያኔ ገባኝ፤ ብርጭቆውንም የሞላሁት ከዚሁ ጀሪካን ነው። አፈርኩም፤ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር! ሣሩ ብርሃን ብቻ አይበቃውም። ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ መገኘት አለበት፤ ሲፈላ ደግሞ ይወጣል። በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ትንፋሼን ውሃው ውስጥ ደጋግሜ ነፋሁና ፀሐይ ላይ መለስኩት። ቆየ። ከዚያ ከግንዱ አንድ አረፋ ወጣ። ሁለት። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ማታ እማዬ "ውሃው ተስማማው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ያን ሁሉ ከሰል ያቀጣጠለችው በዚያ ትንፋሿ ነው፤ እንዴት ልንገራት?

ሐሙስ

ሣሩ አላሳፈረኝም። ልጆቹ አረፋውን ጮክ ብለው ቆጠሩ።

ከዚያ ግምገማ። ግለ ሂስ አቅርቢ ተባልኩ። "ሁለት ቀን ብርሃን ስጨምር ነበር፤ ጥፋቱ ግን የውሃው ነበር። ያፈላሁት እኔ ነኝ" አልኩ። አንዷ ገምጋሚ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ታዲያ ይህን ለተማሪዎቹ ለምን ደበቅሽው? የፈላውንና ያልፈላውን ጎን ለጎን አድርገሽ ነገ ድገሚው።" ደካማ ነኝ ወይስ አይደለሁም? አላለችም።

ዓርብ

እማዬ እንደ ልማዷ በር ላይ ቆማለች። ጀሪካኑን በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

"እውነት ይጠቅምሻል?"

"ያላንቺ ውሃ የዛሬው ትምህርት አይሆንም፣ እማዬ።" በዚህ ሳምንት ሳልሸሽግ የመለስኩላት ይህን ብቻ ነው።

አንዱ ብርጭቆ አረፋ ሰጠ፤ የእማዬ ውሃ ያለበት ዝም አለ። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ራሳቸው ደረሱበት። ገምጋሚዋ ብዙ ጻፈች። ውጤቴን የምሰማው ሰኞ ነው።

ቤት ስገባ እማዬ ተኝታለች። ጀሪካኑን ለሰኞ አጥባ ደፍታዋለች።