በፀሐይ ያሰጣሁት ብርብራ

ይድረስ ለታናሽ እኅቴ ለዕንቁ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ሰውመሆንስ ደኅና ነው? ሕፃኗ መባ ጥርስ አወጣች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሩዙ ታጭዶ ገብቷል፤ ውሃውም ዘንድሮ ደጃችን ሳይደርስ ተመልሷል።

በጅማው ቤተ ሙከራሽ ዝንቦቹ ምንም አልሆኑም ብለሽ በስልክ የነገርሽኝ ቀን እውነቱን ሳልነግርሽ ስልኩን ዘጋሁት። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። የላክሁልሽን፣ ዓሣ የምናሰክርበትን የብርብራ ፍሬ ዱቄት ዘፍዝፈሽ፣ ውሃውን ሙዝ ላይ ለምትሰፍረው ደቃቅ ዝንብ አጠጥተሽ፣ ምግቧን ጉልበት ከሚያደርጉላት ዘረመሎች የትኛው እንደሚነቃ፣ የትኛው እንደሚተኛ ልታዪ ነበር። አንዱም አልተነቃነቀም። አለቃሽ «የአገርሽ መርዝ ተረት ነው» ብሎ እንደሳቀብሽ፣ እስከ ፋሲካ ካላሳየሽው ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥብሽ ነገርሽኝ።

ተረት አይደለም። ብርብራ በጥላ ነው የሚደርቅ፤ ፀሐይ የመታው ዱቄት ዓሣ አያሰክርም። አንቺ ይህን ሳታውቂ ነው ከቤት የወጣሽ። እኔ እያወቅሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሰፌድ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ፀሐይ ያልነካው እንዳይቀርም አገላበጥሁት። ቀንቼብሽ ነው። ብርብራ ወቅጦ ያደገው የእኔ እጅ፣ የብርብራ ሊቅ የምትባዪው አንቺ። እኔ ፊደል የለየሁ ከልጄ ከወገኔ ደብተር ለቃቅሜ ነው። ነጭ ካፖርት ለብሰሽ የተነሣሽውን ፎቶ ጎረቤቴ ደብሬ አይታ «እንዴት አምሮባታል! አንቺስ ምነው ቀረሽ?» አለችኝ። ሰፌዱን ያወጣሁ ያን ቀን ነው።

ሥሩ ግን የቆየ ነው። የጉማራ ወንዝ ዓሣ ሞቶ ተንሳፍፎ ከብቱ ውሃውን እምቢ ባለ ጊዜ፣ ቁሐር ሚካኤል ላይ አገሬው ጥፋተኛውን ለማውጣት አውጫጭኝ ተቀመጠ። ሙቀጫውን ስታጥቢ ታየሽ፤ አጥቢ ብዬ የላክሁሽ እኔ ነበርሁ። ብርብራውን የወቀጥሁትም፣ ወንዙ ላይ የበተንሁትም እኔ። አባታችን «ከሁለታችሁ ማን ናት?» ሲል አጎነበስሁ። አንቺም ሕፃን ነበርሽ፤ አለቀስሽ እንጂ አልተናገርሽም። በእፍረት አንበሳሜ ከተማ አክስታችን ዘንድ ሰደደሽ፤ እሷ ትምህርት ቤት አስገባችሽ። እኔን ጨዋ ልጅ ብለው ለአያልነህ ዳሩኝ፤ ነፍሱን ይማር። ያኔ አፌን ብከፍት ኖሮ የምሰደደውም፣ የምማረውም እኔ ነበርሁ እያልሁ ሠላሳ ዓመት ተቃጠልሁ። ይቅር በይኝ ማለት ሲገባኝ የደረሰሽን ተመኘሁ።

አሁን በጥላ የደረቀውን በጨርቅ ቋጥሬ ጅማ በሚመጣው በሹፌሩ በማረው እጅ ልኬልሻለሁ። ፀሐይ እንዳታሳዪው። ስለ ፊተኛው ዱቄት መጻፍሽ ካልቀረም «እኅቴ ትሩፋት በፀሐይ አስጥታው ነው» ብለሽ ጻፊ። ስሜ መጽሐፍ የሚገባ በዚህ ከሆነ፣ በዚህም ይግባ።

ለሰውመሆን ሰላምታዬን አድርሽልኝ። የመባን ሁለት ጉንጭ ሳሚልኝ። ወገኔ እጅ ይነሣሻል፤ ደብሬም ሰላም ብላሻለች። ለአለቃሽ ሰላምታ የለኝም፤ እሱን ዝንቦቹ ይንገሩት።

እኅትሽ ትሩፋት
ወረታ፣ ታኅሣሥ ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.