የቦዩ በር ተረኛ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ጎመን በጨው ከተትኩ። ጣሪያው ላይ የቀረው በረዶ ተንዶ የባሌን የኢሳኦን ብስክሌት ቀበረው። ይበለው። መጋዘን አስገባው ስንቴ አልኩት?

ማታ የመንደር ስብሰባ። ዘንድሮ የቦዩ በር ተረኛ ባሌ ሆነ። ወንዙ ሲሞላ በሩን መዝጋት ነው ሥራው፤ ካልተዘጋ ውሃው በቦዩ ገብቶ ከታች ያሉትን ቤቶች ይጠርጋል። ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። ሚኒስትር የሾሙት ነው የሚመስለው።

ከታች ያለውን ባዶ ቤት የገዛችው የከተማ ልጅ፣ ሚሆ፣ እጇን አወጣች። ከባድ ዝናብ እንደሚመጣ ከተነገረን ለምን ቀደም ብለን በቀን አንዘጋውም አለች። ወንዶቹ ሳቁባት። እኔም ሳቅኩ። ሩዝ ማሳ ውስጥ ጃንጥላ ይዛ የምትገባ ሴት ስለ ውሃ ልታስተምረን...

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ድንገት ሞቀ። የተራራው በረዶ ከሥር እየቀለጠ ነው፤ ወንዙ ደፍርሷል። ነገ ከባድ ዝናብ ይጥላል ሲል ዋለ የመንደሩ ድምፅ ማጉያ። ሰዉ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ዛሬውኑ ዝጋው አልኩት ኢሳኦን። በሩ ከተዘጋ የማሳው ውሃ ይቀርብናል፣ ጊዜው ሲደርስ ወንዙ ራሱ ይናገራል አለኝ። ወንድሙ ታኬዞም እንዲህ ይል ነበር። በጨለማ "ውሃውን አይቼ ልምጣ" ብሎ እንደወጣ ቀረ... ሬሳው ከሁለት መንደር በታች ተገኘ። እነዚህን ወንዶች ምን ነካቸው? ቀን ተጋድመው ይውሉና ጀግንነት የሚነሳባቸው ሲመሽ ነው?

ቦት ጫማውን ደበቅኩት። የት እንደሆነ እዚህም አልጽፍም።

አርብ፣ ሚያዝያ 10

ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ አላባራም። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወጣን። ኢሳኦ ጫማውን ፈልጎ ፈልጎ አጣ፤ በነጠላ ጫማ መጣ። ሲመሽ በሩ ላይ መንጎራደድ ያዘ።

"የት አደረግሽው?"

"ምኑን?"

"የሰው ቤት በውሃ ሊወሰድ ነው፣ ፉሳ። ተረኛው እኔ ነኝ።"

እውነቱን ነው። ባሌን አተርፍ ብዬ የጎረቤት ቤት ላስጠርግ? ጫማውን ልስጠው? ሰጥቼው እንደ ታኬዞ ቢቀርስ? እሱ በባዶ እግሬም ቢሆን እሄዳለሁ ብሎ ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ።

ሚሆ የሩዝ ጥቅልል ይዛልኝ መጣች። አጠገቤ ቁጭ አለችና በሹክሹክታ፦

"እትዬ ፉሳ፣ ጋሽ ኢሳኦ ይቀመጡ። በሩን ጠዋት ዘግቼዋለሁ።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። ቤቴ ከታች ነው።"

ለኢሳኦ በጆሮው ነገርኩት። ተቀመጠ። አመሰግናለሁ የለ፣ ምን የለ። አሁን ያንኮራፋል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ድልድዩን ጎርፉ ወስዶታል። ቤቶቹ ሁሉ ደህና ናቸው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ኦኖዴራ ለኢሳኦ የሩዝ መጠጥ፣ ሳኬ፣ ቀዱለት። በዚያ ዝናብ በሩን ዘግተህ መንደሩን አተረፍክ ብለው አመሰገኑት። እኔ እውነቱን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አጅሬ እጅ ነስቶ "ግዴታዬ ነው" አለ! ጠጣውም። ሚሆ ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ዝም ብል ኖሮ ቤቴ በሰላም እገባ ነበር። አልቻልኩም።

"ባሌ ያን ሌሊት አዳራሽ ውስጥ ሲያንኮራፋ ነው ያደረው" አልኩ። "በሩን በጠዋት የዘጋችው ሚሆ ናት። የሳቅንባትን ነገር አድርጋ ነው ያተረፈችን። እኔም ስቄባታለሁ።"

ኢሳኦ ኩባያውን ይዞ ቀረ። ወንዶቹ ምንጣፉን ያዩ ጀመር፤ ከዚያ በፊት ምንጣፍ አይተው አያውቁም። ጋሽ ኦኖዴራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እንግዲህ ተረኛውን እንደገና እንምረጥ፣ ማን ይሁን አሉ።

"እኔ" አልኩ።

ኢሳኦ አንገቱን እንደደፋ "አንቺ ደሞ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ መች ታውቂና?" አለኝ።

"ሚሆ ታሳየኛለች።"