በልጃችን ጉንጭ የጸደቀው ችግኝ

ለመላጣው ወዳጄ፣ ለቲማቲም አባት፦

በታላቅ ክብር የማስታውቅህ አስቸኳይ ዜና፣ ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ትራስ ከራሴ ጋር አልስማማ ስላለ ካፖርቴን ጠቅልዬ መንተራስ መጀመሬን ነው። አሁን ተረጋግተህ ቀሪውን አንብብ።

የልጅ ልጄን ጉንጭ የያዘውን ለምጽ ታውቀዋለህ። እዚህ ሐኪም ቤት ከጭኗ ቅንጣት ቆዳ ወስደው፣ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ከሐር በተሠራ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ሽፋን ላይ አሳደጓቸው። ልክ አንተ ችግኝ በጣሳ አፍልተህ ወደ መደብ እንደምታዛውረው ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ችግኛቸውን አይሰድቡም። ልመርቃቸው ብዬ ጭምብሌን ገለጥ ሳደርግ፣ አሳዳጊዋ ባለሙያ “አባባ፣ በጭምብልዎ ውስጥ ይመርቁ፤ ትንፋሽዎ ይበክላቸዋል” ብላ ከበር መለሰችኝ።

ሽፋኑ ጉንጯ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ፣ ይጸድቅ ይሆን እያልን ስንሰጋ ከረምን። ዛሬ መስተዋት ፊት ቆማ ምስር የምታህል ጠይም ነጥብ አየች። ቆሻሻ መስሏት በእርጥብ ጣቷ ፈተገቻት። አልለቀቀችም። “አባባ፣ የራሴ ናት” አለችኝ። ደጋግሜ ተመስገን አልኩ። ከደስታዋ ብዛት ሻርፗን ረስታ፣ ፊቷን ሳትሸፍን መንገድ ወጣች።

ዶሮዎቼን ስለምታበላልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤትህን፣ አንተን ስለቻለችልን፣ ደጋግመህ ሳምልኝ።

ቦታ ሳያልቅብኝ፦ ሻርፗን ረሳች ያልኩህ ፈጠራዬ ነው። ተቀምጬበት ነበር። ፈልጋ ፈልጋ ስታጣው፣ “ይቅር በቃ፣ እንሂድ” አለችኝ።