ዘፈኑን የሚያዞረው ጩኸት

ማክሰኞ፣ ጥር 14። ጧት።
ጎማ መጠገኛ ሱቄ ጎማው የተነፈሰበት ባጃጅ አልመጣም። ክራሬን አወረድኩ። የዘፈኑ መጀመሪያ ደህና ነው፤ ቀስ ያለ፣ አንጀት የሚበላ። መሐሉ ላይ ስደርስ ጣቴ እምቢ። እንደገና። እምቢ። ደብተሬ፣ ሠርጉ እኮ እሑድ ነው።

የወንድሜ ልጅ የሺ ናት ጉድ ያመጣችብኝ። በሠርጌ የአባቴን ዘፈን ተጫወትልኝ አለች። አባቷ ካረፈ ዓመት አልፎታል። አውድማ ላይ በሬዎቹን እያዞረ ሩዝ ሲያበራይ እሱ ይዘፍን፣ እኔ ክራር እመታ ነበር። ዘፈኑ እንደ እንጉርጉሮ ይጀምራል። መሐል ላይ ጸጥ። ከዚያ ወንድሜ "ሆ!" ብሎ ሲጮህ ግልብጥ ብሎ እስክስታ ይሆናል፤ በሬዎቹ ሳይቀሩ ይሮጣሉ። ያ ጩኸት የሱ ነበር። እኔ ጮኼ አላውቅም።

ካልዞረስ? ሠርጉ ለቅሶ ሆነ ማለት ነው።

ለየሺ ግን ምን አልኳት? ያ ከይፋግ ከተማ የመጣው ሙሽራሽ ቀጭን ስለሆነ እስክስታው እንዳይወስደው ገመድ አስረሽ ያዢው። ሳቀች። 

ረቡዕ፣ ከሰዓት።
እነየሺ ግቢ ሄጄ ልምምድ። ሞኝነቴ! በሬዎቹ እዚያው ታስረዋል። ቀስ ያለውን ስጀምር ተነሥተው ችካላቸውን ይዞሩ ጀመር። የሺ በሳቅ ፈረሰች። እናቷ እናኑም ከጓዳ ወጥታ ሳቀች። "አንት ቀላል፣ ያለ አውድማ ልታበራይ ነው?" አለችኝ። መሐሉ ጋ ደረስኩ። ጸጥ። በሬዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጆሯቸውን አቆሙ። ጩኸቱን እየጠበቁ ነው!

ማንም አልሳቀም። እናኑ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ምነው ሳልሄድ በቀረሁ።

ሐሙስ፣ ረፋድ።
እናኑ ሱቄ ድረስ መጣች። ያንን ዘፈን ሠርጉ ላይ እንዳልሰማው፣ ልጄን በእንባ አልሸኝም ብላ ሄደች። የሺ ደግሞ ደወለች፤ ካልተጫወትከው ከቤት አልወጣም ትላለች። ሁለቱም የወንድሜ ግትርነት አለባቸው። ቀልድ ፈለግሁ። አልመጣልኝም። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ጧት።
ለዘር የተለየው ሩዝ ሳይወቃ ቀርቷል። ማሽን ፍሬውን ይሰብረዋል ብላ እናኑ በበሬ ካልሆነ አይሆንም አለች። ልረዳት ሄድኩ፤ በሬዎቹን ነዳሁ። ወንድሜ ይሠራው የነበረውን ስሠራ ሳላስበው ቀስ ያለውን ማንጎራጎር ያዝኩ። ልተወው አልኩ፤ በሬዎቹ ግን ከዜማው ጋር ገብተውበታል። መሐሉ ጋ ቆምኩ። እነሱም ቆሙ። ደብተሬ፣ ላቤ ጀርባዬ ላይ ወረደ።

"ሆ!"

እናኑ ናት! መንሹን ይዛ፣ ሩዙ መሐል ቆማ። በሬዎቹ በረሩ። እኔም ተከትዬ እስክስታውን ለቀቅሁት። ገለባው ተነሣ። ስንጨርስ ፊቷ በአቧራና በእንባ ጭቃ ሆኗል። ከወንድሜ ይልቅ የሷ ጩኸት በሬ ያስደነግጣል አልኳት። በመንሹ እጀታ ጎሰመችኝ።

እሑድስ? አልኳት። ገለባዋን አነሣች። ጀርባዋን ሰጥታኝ፦ "ብቻ ወደኔ እንዳታይ። ካየኸኝ አልችልም።"

እጮሃለሁ አላለችም። አልጮህም አላለችም።

ቅዳሜ፣ ማታ።
ድንኳኑ ተተክሏል። ለክራሩ አዲስ ጅማት አደረግሁለት።  

ወስኛለሁ። እጫወተዋለሁ። መሐሉ ጋ ስደርስ ወደ እናኑ አላይም። ዓይኔን ጨፍኜ ጩኸቷን እጠብቃለሁ።