ጠበል ወረቀት አይጽፍም

ሐምሌ 27

ዛሬም ባሕር ዳር ወረድሁ። ለሃያ አምስት ደቂቃ።

ተሳፋሪው ወረደ፣ ሌላው ወጣ። የየብሱ መንገድ ከተበላሸ ወዲህ አንድ ወንበር ባዶ አይሄድም። ከአብራሪ መቀመጫዬ ሳልነሣ ለባለቤቴ ለብሥራት ደወልሁ። ቤታችን ግሽ አባይ ነው፤ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ ብዙም አይርቅ።

«ወረድህ?»

«ወረድሁ።»

«ስንት ደቂቃ አለህ?»

«ሃያ አምስት።»

«በል እግዜር ያሳርፍህ።»

ድሮ ብሥራት ልጃችንን ኪዲን ይዛ አጥሩ ድረስ ትመጣ ነበር። አሁን አይመጡም። ምን ሊያዩ? የአውሮፕላኑን ጅራት?

በሳምንት አራት ቀን ከተማዬ እወርዳለሁ፤ በወር አራት ቀን ቤቴ ባድር ነው። የቀረውን አዲስ አበባ፣ ከኤርፖርቱ ጀርባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል። አልጋ፣ ካውያ፣ የማንቂያ ሰዓት። ሰዓቱ እንኳ ሥራ ፈትቷል... ሳይጮህ ነው የምነሣው። ካልተኛ ሰው ምን ያነቃል?

ሰርግ ቤት ስሄድ «ካፒቴን መጡ» ብለው ከፊት ያስቀምጡኛል። ቁጭ ብዬ አዛጋለሁ።

ሐምሌ 29

የጤና ምርመራ። በየስድስት ወሩ ነው። ካላለፍህ አትበርም፤ ካልበረርህ ማንም አይደለህም።

ቅጹ ላይ ያችው ጥያቄ አለች፤ «እንቅልፍ ያስቸግርዎታል?» የለም የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ለአራተኛ ጊዜ። አሁንማ እጄ ራሱ ቦታውን ያውቀዋል።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። «ደከም ብለሃል» አለኝ።

«ጾም ነው» አልሁት። ፍልሰታ ሊገባ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል!

ምን ላድርግ? ባልደረባዬ አምሐ አምና እውነቱን ተናገረ። «አዎ፣ አልተኛም፣ ልቤም ይከፋዋል» አለ። «እስኪሻልህ ዕረፍ» ብለው ሸኙት። እነሆ ዓመት ከሁለት ወር... እስካሁን አልተሻለውም መሰለኝ። የወንድሙ ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮ ሲሸጥ አግኝቼው አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ።

ነሐሴ 6፣ ዘጌ

የዓመት ፈቃዴን ይዤ ሱባኤ ገባሁ። አጎቴ አባ ዓምደ ሚካኤል እዚሁ ገዳም ናቸው፤ ትንሽ ጎጆ ሰጡኝ። በቀን አንዴ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ፣ ጠዋት ጠዋት ጠበል።

ብሥራት አኩርፋለች። «ሁለት ሳምንት ብታገኝ ለጫካው ሰጠኸው» አለች። እውነቷን ነው። ግን ምን ልበላት? ለሐኪም ከነገርሁ ወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቱ ከእኔ ቀድሞ መሥሪያ ቤት ይደርሳል። ጠበል ወረቀት አይጽፍም።

ነሐሴ 10

ተኛሁ! ሰባት ሰዓት ሙሉ!

ነሐሴ 16

ሱባኤው ተፈታ። አባ እስከ ጀልባው ሸኙኝ።

«ተኛህልኝ?»

«ተኛሁ አባ። ተፈወስሁ።»

«እዚህማ ማን የማይተኛ አለ? ቀስቃሽ የለ፣ ጥሪ የለ። ጠበሉም ሐኪሙም የእግዜር ነው ፍሬ። ባንዱ ተሸሽገህ አንዱን አትሽሽ።»

እሺ አልኋቸው። እሺ ለማለት ማን ብሎኝ።

መስከረም 22

ተመለሰብኝ። ትናንት ሁለት ሰዓት። ከትናንት ወዲያ አንድ ሰዓት ተኩል። የበረራ ፕሮግራሙ በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ ተቀየረ። ሰውነቴ ጠዋትና ማታውን ለይቶ ማወቅ አቃተው።

ጥቅምት 11



ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ ወጣሁ። ሦስተኛው በረራ ወደ ባሕር ዳር ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ክረምት አልፎበት የታጠበ። ረዳት አብራሪዬ ኢልሃም ናት፤ የባሕር ዳሩ ጀልባ ሠሪ የጋሽ ሳሊህ ልጅ። በልጅነቴ ከዘጌ የምሻገረው አባቷ በሠሩት ጀልባ ነበር። ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ። ጠንቃቃ ልጅ፣ ነገር የማታበዛ።

የማብረሩ ተራ የእኔ፣ ሬዲዮው የእሷ። ወደ ማረፊያው የምንታጠፍበት ቦታ ደረስን... ከዚያ የማስታውሰው ድምጿን ነው።

«ካፒቴን! ካፒቴን!... ይዤዋለሁ! መሪው በእኔ ነው!»

ዐይኔን ስገልጥ ከሥራችን ውሃ ብቻ። ከሩቅ የደቅ ደሴት ይታያል። ማረፊያውን ከኋላችን ትተነዋል። ስልሳ ስምንት ሰው ይዤ ተኝቼ ነበር።

አዞረችው፣ ከፍ አደረገችው፣ እንደገና ገባች፣ አሳረፈችው። ላባ እንደ ማስቀመጥ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁ።

ማንም አላወቀም። አንዲት እናት ሲወርዱ በሩ ላይ ቆመው «ሐይቁን አዙረህ ስላሳየኸን ተባረክ ልጄ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልሁ።

ቅጽ ይሞላል። «በመጀመሪያው ሳታርፉ የቀራችሁበት ምክንያት።» ደመና ብዬ ጻፍሁ። ኢልሃም አየችው።

«ካፒቴን፣ ደመና የለም እኮ።»

«ሆድ ይፍጀው ልጄ።»

ቅጹን ወደ እኔ ገፋችው። «የራሴን ሪፖርት ለመስጠት ሦስት ቀን አለኝ። እርስዎ ቢቀድሙኝ ደስ ይለኛል። አሞኛል ይበሉ። ሰው ይታመማል።»

ሰው ይታመማል... አብራሪ ግን አይታመምም።

ጥቅምት 12

ቀኑን ሙሉ ክፍሌን ስዞር ዋልሁ። ብትናገር አለቀልኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ብሥራት ምን ትላለች? እናቴ ወለተ ሥላሴ በየማኅበሩ «ልጄ ፓይለቱ» እያሉ ነው የኖሩት።

ማታ ለአባ ደወልሁ። «አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ተቀይማኛለች፣ ልትከሰኝ ነው። የጋሽ ሳሊህ ልጅ ናት። ሽምግልና ይግቡልኝ» አልሁ።

«ምን አጠፋህ?»

«ቃል ተለዋወጥን።»

ይኸን ለአባ! ጠበል ላፈሰሱልኝ ሰው!

ጥቅምት 13

ሄዱ። አባ ከጋሽ ሳሊህ ጎረቤት ከሐጂ አሕመድ ጋር። በሩ ላይ ቆሙ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። ደንቡ ነው።

ጋሽ ሳሊህ መነኩሴ ደጃቸው ላይ ቆሞ ሲያዩ ነገሩን እንኳ አላጣሩም። «አባ፣ እርስዎ በእኔ በር ቆመው ይቀራሉ? ልጄ ይቅር ብላለች፤ ቃሌ ነው። ይቀመጡ።»

አባ ይኸን በስልክ ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው ነበር። «እንዴት ያለ ሰው ነው! የአገር ሰው!» አሉ። ስልኩን ዘግቼ ተነፈስሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 14

ኢልሃም ደወለች። ድምጿ ቀዝቃዛ።

«አባቴን ምን ብለው ነው ያስለመኑት?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርሁት።

«ተጣላን ብለው ነው? እኔ ከእርስዎ ጋር ተጣልቼ አላውቅም ካፒቴን። አባቴ ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቷል። እውነቱን ብነግረው በመነኩሴው ያፍራል፤ ብጽፍ ደግሞ በቃሉ ያፍራል። ምን ላድርግ?»



«አልጽፍም» አለች። «ከእርስዎ ጋር ግን ሁለተኛ አልበርም።» ዘጋችው።

ጥቅምት 28

ከእሷ ጋር አልተመደብሁም። በየበረራው ቡና በላይ በላዩ እጠጣለሁ። ሁለት ጊዜ ጭኔን ቆነጠጥሁት። ጠቁሯል።

ኅዳር 5

የበረራ ደኅንነት ክፍሉ ሰዎች ጠሩን። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የምንሠራውን ሁሉ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ፤ በየጊዜው እያወረዱ ያዩታል። የጥቅምት 11ን አይተው «ከአንድ ደቂቃ በላይ መሪውን የነካ የለም» አሉ። አንድ በአንድ ነው የሚጠይቁት።

እኔ ቀድሜ ገባሁ። «ደመና ነበር» አልሁ። ማስታወሻ ያዙ፣ አመሰገኑኝ፣ ሸኙኝ።

ከዚያ እሷ ገባች። ከኮሪደሩ ወንበር ሆኜ በሩን ሳይ አርባ ደቂቃ። ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። ቀና ብላም አላየችኝ።

ኅዳር 7

ኢልሃም ታገደች።

እሷም «ደመና ነበር» ብላለች። የዚያን ቀን የአየር ሁኔታ መዝገብ አውጥተው አሳዩዋት፤ ጥርት ያለ ሰማይ። «ያልሁት ያው ነው» አለች። ያባቷን ቃል ይዛ ሐሰት ተናገረች። የእኔ ጉዳይ ገና «እየታየ» ነው። ካፒቴን ስለሆንሁ ይታይልኛል! እሷ ረዳት ናት፣ ወዲያው።

ዛሬ ሄጄ መናገር ነበረብኝ። አልሄድሁም። ምናልባት በዚሁ ያልፍ እንደሆነ ብዬ... አንድ ቀን ሙሉ ጠበቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 8

ተናገርሁ። ሁሉንም። እንቅልፉን፣ ቅጹን፣ ደመናውን፣ ሽማግሌውን። ሽማግሌ የሚለው ላይ ስደርስ አንደኛው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ለበረራ ደኅንነት ሽማግሌ ላክህ?»

«ላክሁ።»

የእኔን ፈቃድ እስክታከም ያዙት። እሷንስ? አዳነችን እኮ! ብዬ ጮኽሁ። «አዎ፤ ከዚያ ዋሸችን» አሉ። ለእሷ ስድስት ወር ዕገዳ፣ ከዚያ በኋላ ይታያል። ብጮኽም ውሳኔያቸውን አልለወጡም።

ኅዳር 12

ትናንት ዘጌ ሄጄ ለአባ ነገርሁ። በር ላይ ነው የነገርኋቸው፤ አልገባሁም። መስቀላቸውን በእጃቸው ጨበጡ።

«መስቀሌን ለሐሰት አስያዝኸኝ» አሉ። «ያን ሰው መርቄው ወጣሁ እኮ... ምን ብዬ?»

ዛሬ ብቻቸውን ተሻግረው ጋሽ ሳሊህን ይቅርታ ጠየቁ። እኔን ተከተለኝ አላሉኝም።

ታኅሣሥ 19

ቤቴ ነኝ። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ በተከታታይ ቤቴ አድሬ አላውቅም።

እታከማለሁ። ሐኪሟ መድኃኒት ሰጠችኝ፣ የመኝታ ሰዓት አወጣችልኝ። የሚድን በሽታ ነው አለች። «ለምን ይኸን ያህል ቆየህ?» ስትለኝ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን አስጠላኝ። ምናልባት በዓመቱ ወደ በረራ ትመለሳለህ አለች። ኪዲን ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ብሥራት «ማንኮራፋት ጀመርህ» ብላ ትስቃለች። ስምንት ሰዓት እተኛለሁ። ስምንት ሰዓት!

ዛሬ ልቤን አደፋፍሬ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ጋሽ ሳሊህ ግማሽ የደረሰ ጀልባ ላይ ሚስማር ይመታሉ። ሰላም አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መዶሻቸውን ግን አላቆሙም።

«ጋሽ ሳሊህ፣ በድያለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ኢልሃም እንዴት ናት?»

ያን ጊዜ መዶሻው ቆመ። ወደ ውሃው እያዩ ነው የተናገሩት።

«እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ሲነጋ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ነው የማገኛት። ወር አለፋት።»

«ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት! ይድናል እኮ፣ እኔ ይኸው... ዛሬውኑ ይውሰዷት!»

«ብያት ነበር። ‹ወረቀት ይጽፉብኛል አባዬ፣ ከዚያ ወዲያ አይመልሱኝም› አለች።»

ከኪሳቸው ሚስማር አውጥተው እንጨቱ ላይ አቆሙ። እኔ እንደቆምሁ ነኝ። ተቀመጥ አላሉኝም።