ሐመሩ ሐ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን

ዛሬ ደስታው ቁጭ አላደርግ ብሎኛል።

የልጅ ልጄ ፎዚያ ለሰንበቴ ከተማ ገበያ ከብት ነጋዴዎች የዋጋ ማሳያ ድረ ገጽ እየሠራች ነው። እስከ ሐሙስ ካልደረሰላት ሥራውን ለደሴ ሰዎች ሊሰጡባት ነው። መግቢያው ላይ ያለው ሰርቨር ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ከዚያ የገባው ሰው ሁለተኛ እንዳይጠየቅ፣ ስሙን ዋጋው ወዳለበት ሰርቨር ያስተላልፋል። ያኛው ግን አንዱን ያስገባል፣ ሌላውን «አላውቅዎትም» ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱ ጠፍቷት ሰነበተች።

ዛሬ እኔንም አስመዝግባ አስሞከረችኝ። ስሜን ጽፌ መግቢያውን አለፍሁ፤ ዋጋውን ስጠይቅ መለሰኝ።

«ፎዚያ፣ ስሜን ማን አበላሸው?» አልኋት። ሰላምታው «ሀሊማ» ይላል፣ በሃሌታው ሀ።

«ይተዉት፣ አኮ፣ ሲነበብ ያው ነው።» አያቷን «አኮ» ነው የምትለኝ።

«ያው አይደለም። እኔ የጻፍሁት በሐመሩ ሐ ነው።»

ልትሥቅ ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። «ወላሂ፣ አኮ፣ ጥፋቱ የኔው ነው።»

ለካ ሰው በየትኛውም ሀ ቢጽፍ እንዲገባ ብላ፣ መግቢያው ሁሉንም ወደ አንድ ሀ እንዲለውጥ አድርጋዋለች። የሚያስተላልፈውም የተለወጠውን ስም ነው። ሁለተኛው ሰርቨር ደግሞ የሚያውቀው በተመዘገበበት ፊደል ብቻ ነው።

የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ አስተካከለችው። ደግሜ ሞከርሁ። የሰንጋው ዋጋ ተዘረገፈ፤ ከላይ ስሜ አለ፣ ሐ ሦስት እግሯን ተክላ ቆማለች።

በሬ የለኝም፤ ልገዛም አላስብ። ግን ከገጹ እየወጣሁ ስገባ አመሸሁ።